ከ6፡30 እስከ 7፡45፦ የመሐንዲሶች ክበብ ወርኃዊ የምሳ ስብሰባ አዘገጃጀት

የምሳ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በንግግሩ ድክመት ሳይሆን በሰዓት ነው። አንድ መሐንዲስ ከምሳ በኋላ ቢሮው 8፡40 ደርሶ አለቃው በር ላይ ካገኘው፣ በሚቀጥለው ወር እንግዳው ማንም ይሁን ማን አይመጣም። ስለዚህ አዘጋጅ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ሰው ወደ ሥራው የሚመለስበትን ሰዓት ይቆርጥና ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከታች ያለው በአዲስ አበባ ወይም በአንድ የክልል ከተማ በወር አንድ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሰው ለሚሰበስብ፣ የራሱ አዳራሽ ለሌለውና በሆቴል ወይም በምግብ ቤት ለሚገናኝ ክበብ የሚሆን ነው። ስሌቶቹ ለ40 ሰው ናቸው።

ቀንና ሰዓት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ከ60ው ደቂቃ ለመሄጃ 10፣ ለመመለሻ 10 ሲነሳ 40 ይቀራል። በ40 ደቂቃ መብላት ይቻላል፤ ንግግር መስማትም ይቻላል፤ ሁለቱንም አድርጎ ጥያቄ መጠየቅ ግን አይቻልም። አርብ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ብዙ አዘጋጆች ወዲያው ወደ አርብ ይሄዳሉ። የጁምዓ ሶላት የሚሰገደው ግን በዚያው ሰዓት ነው፤ አርብን የመረጠ ክበብ ሙስሊም አባላቱን አስቀርቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይመቸዋል፤ የመንግሥቱ ሠራተኛ ግን ለአንድ ምሳ ብሎ ከቤቱ አይወጣም፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ሠርጉ ሁሉንም ይወስደዋል።

የሚሻለው ሐሙስ ነው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ 30 ደቂቃ በፈቃድ ተጨምሮበት። ፈቃዱን አባላት በየግላቸው እንዲለምኑ አትተዉ። ክበቡ በዓመቱ መጀመሪያ ለየመምሪያው ኃላፊ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፦ በወር አንድ ሐሙስ፣ እስከ 8፡00 ድረስ፣ የሦስት ወር የንግግር ርዕሶች ዝርዝር፣ ከተፈለገም የተገኙ ሰዎች ስም እንደሚላክ የሚገልጽ። ኃላፊው ርዕሱን ሲያየው ጥቅሙ ይገባዋል፤ ባዶ የፈቃድ ጥያቄ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

“በወሩ ሁለተኛው ሐሙስ” ስትሉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ አባላት ማስታወሻ የሚይዙት በፈረንጆቹ ነው፤ አንድ ቃል ተሳስቶ ሁለት የተለያየ ሐሙስ ይሆናል። በየማስታወቂያው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለተኛው ሐሙስ ሁልጊዜ ከ8 እስከ 14 ባለው ውስጥ ይውላል። በዚህ የተነሳ ሁለት ወሮች ያስቸግራሉ፦ በጥር ጥምቀት (11) እና ቃና ዘገሊላ (12) እዚያው ውስጥ ናቸው፤ በነሐሴ ደግሞ ቀኑ መቼም ከፍልሰታ ጾም አይወጣም። ጥርን ወደ ሦስተኛው፣ ነሐሴን ወደ አራተኛው ሐሙስ አዛውሩ።

በዐቢይ ጾም ምሳ አታዘጋጁ። ብዙው ጾመኛ እስከ 9 ሰዓት ድረስ አይቀምስም፤ ፊቱ ላይ ትሪ ማስቀመጥ ግብዣ አይደለም። በ2017ም በ2018ም ረመዳን ዐቢይ ጾም በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ጀምሯል፤ እንዲህ በሚገጣጠሙበት ጊዜ ከአባላቱ አብዛኛው በምሳ ሰዓት ጾመኛ ነው። በእነዚያ ወራት ስብሰባውን ያለ ምሳ፣ ያለ ውሃና ያለ ቡና፣ 45 ደቂቃ ብቻ አድርጋችሁ በዚያው 6፡40 ጀምሩ። ለጾመኛው ይህ ከምሳው ይቀለዋል፤ ምሳ የሚበላውም መልስ ላይ ጊዜ ይተርፈዋል።

ሰኔ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው። የክፍያ ሰርተፍኬት የሚያሯሩጠው ሰው አይመጣም፤ ከተቻለ ዝለሉት ወይም ቀለል ያለ ርዕስ ስጡት። በክረምት ግን የአፈር ሥራ ስለሚቀዛቀዝ የሳይት መሐንዲሶች ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ከመስክ የሚመጣ እንግዳ ለመጥራት ከሐምሌ የተሻለ ወር የለም።

የዕለቱ ሰዓት እንዲህ ይደለደላል፦

6፡00፦ የመሣሪያና የምግብ ተጠሪዎች አዳራሽ ይገባሉ።
6፡20፦ የእንግዳው ስላይድ በአዳራሹ ፕሮጀክተር ላይ ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ይታያል።
6፡35፦ ወጡ እንጀራው ላይ ይወጣል።
6፡40፦ መብላት ይጀመራል፤ የመጣው ይብላ፣ ያልመጣው አይጠበቅም።
7፡00፦ ትሪ ይነሳል፣ ቡና ይቀርባል።
7፡04፦ የእንግዳ ማስተዋወቅ፣ አንድ ደቂቃ።
7፡05፦ ንግግር፣ 20 ደቂቃ።
7፡25፦ ጥያቄና መልስ።
7፡42፦ የሚቀጥለው ወር ርዕስ ይነገራል።
7፡45፦ መዝጊያ።

ከዚህ ውስጥ የማይነካው 7፡45 ነው። አርፍዶ የተጀመረ ንግግር ይቆረጣል እንጂ መዝጊያው አይገፋም። ይህን ሦስት ወር ያለ ማወላወል ካደረጋችሁ ሰዉ ራሱ 6፡35 መምጣት ይጀምራል። ዘግይቶ ለሚመጣ አንድ ትሪ ከኋላ በር አጠገብ ተከድኖ ይቀመጥለት፤ ገብቶ በጸጥታ ይበላል።

ምግቡ

ዓመቱን ሙሉ፣ በፍስክም ቢሆን፣ በያይነቱ እዘዙ። ጾመኛው ይበላዋል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሥጋ ምክንያት ማዕድ አይለያዩም፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጥብስና ክትፎ የበላ አዳራሽ ደግሞ 7፡15 ላይ ያንቀላፋል። “የጾምና የፍስክ ሁለት ዓይነት ይዘዝ” የሚል አባል አይጠፋም፤ ከተስማማችሁ ግን ትሪዎቹ በሁለት ወገን ይሆናሉ፣ አስተናጋጁ ማን ምን እንዳዘዘ ሲጠይቅ 10 ደቂቃ ይበላል፣ ገበታውም የተከፈለ ገበታ ይሆናል። ዓሣ መሐል ላይ ያስታርቃል የሚሉ አሉ፤ ዓሣ ግን ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ራሱ ክርክር ስለሆነ ባይነሳ ይሻላል።

ቡፌ አትምረጡ። አንድ ሰው ሳህኑን ለመሙላት ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 40 ሰው በአንድ ወገን ሲሰለፍ የመጨረሻው ሰው ምግብ የሚያነሳው 20 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ጨርሷል። ጠረጴዛው ከግድግዳ ተላቅቆ በሁለት ወገን ከተሄደበት 10 ደቂቃ ይሆናል፤ እሱም ብዙ ነው። 10 ትሪ ለአራት አራት ሰው አስቀድሞ የተቀመጠ እንደሆነ ግን ሰልፍ የለም። በትሪ መብላት ለማይፈልግ አራት አምስት ነጠላ ሳህን ይጨመር፤ ምክንያቱን አትጠይቁ። ወጡ ቀድሞ ከወጣ እንጀራው ይርሳል፣ ሽሮውም ይረጋል፤ ስለዚህ እንጀራው ተከድኖ ይጠብቅና ወጡ ከ6፡35 በፊት እንዳይፈስ ለሼፉ ተነግሮ በውሉ ላይም ይጻፍ።

የሚረሳው እጅ መታጠቢያው ነው። አንድ ሰው 20 ሰከንድ ቢታጠብ፣ 40 ሰው በአንድ ቧንቧ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ሁለት ቧንቧና በማስታጠቢያ እየዞሩ የሚያስታጥቡ ሁለት አስተናጋጆች ካሉ ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። አዳራሹን ለማየት ስትሄዱ ከመብራቱ በፊት ቧንቧውን ክፈቱ፤ በዚያ ሰዓት ውሃ መኖሩንና የሮቶ ታንከር መኖሩን አረጋግጡ።

ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ይምጣ። እዚያው ቢቆላ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን የሙቀጫው ድምፅና ጭሱ ከንግግሩ ጋር ይገጥማል። አንድ ጀበና 10 ሲኒ ያህል ስለሚወጣው አራት ጀበና በአንድ ጊዜ መጣድ አለበት። ከ7፡04 በፊት አቦል ብቻ ይቀዳል፤ ቶናና በረካ ለሚቆዩት ከመዝጊያው በኋላ። በንግግር መሐል ሲኒ የሚሰበስብ አስተናጋጅ እንዳይገባም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሒሳቡ

የሆቴል ምናሌ ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ ላይሆን ይችላል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1.10 × 1.15 = 1.265 ይሆናል፤ በምናሌው 100 ብር የነበረው 126 ብር ከ50 ነው። ፕሮፎርማ ስትጠይቁ “ሁሉንም ጨምሮ” የሚል ቁጥር አጽፉ።

መዋጮ ሲሰላ ነጻ የሚበሉት ይቆጠሩ። ከ40ው 34ቱ ሙሉ፣ 6 ተማሪዎች ግማሽ ቢከፍሉ፣ እንግዳውና ሾፌሩ ነጻ ቢበሉ፣ የሚበላው 42፣ የሚከፍለው ግን በሙሉ ከፋይ ሲመነዘር 37 ነው። 126.5 × 42 ÷ 37 ወደ 144 ብር ይመጣል። በምናሌው 100 ብር የተጻፈን ምሳ በ127 ብር የሸጠ ገንዘብ ያዥ በየወሩ ይጎድልበታል፤ ጉድለቱንም ከኪሱ እየሞላ ዝም ይላል፤ በስድስተኛው ወር ሥራውን ይለቃል። የእንግዳውን ሾፌር ምሳ አትርሱ፤ እንግዳው ራሱ ሳይረሳው አይቀርም፣ ሾፌሩ ግን አይረሳውም።

ለሆቴሉ የሚሰጠው ቁጥር የከፈለው ሰው ቁጥር ነው፤ በቴሌግራም “እመጣለሁ” ያለው አይደለም። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ እስከ ማክሰኞ ምሽት ይግባ፤ ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻው ቁጥር ለሆቴሉ በጽሑፍ ይላክ። ቀርቶ ገንዘቡ ይመለስልኝ ለሚል “ለሌላ አባል አስተላልፍ” የሚለው መልስ ይበቃል። ቀብድ ስትከፍሉ አምስት ነገር ይጻፍ፦ የሰው ብዛትና እስከ ስንት ሊቀነስ እንደሚችል፣ ትሪ የሚቀመጥበት ሰዓት፣ አዳራሹ ለክበቡ ብቻ እስከ 8፡15 መያዙን፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ኖሮት እንደሚነሳ፣ ሙዚቃ እንደሚጠፋ።

እንግዳውና ርዕሱ

እዚህ ላይ ነው ጊዜያችሁን ማፍሰስ ያለባችሁ። የተሳካ ፕሮጀክት ዝርዝር መሐንዲስን አይስበውም፤ በሪፖርት አንብቦታል። የሚስበው የተበላሸውና የተስተካከለው ነው። “ስለ ሕዳሴ ግድብ” የሚል ርዕስ አትቀበሉ፤ 145 ሜትር ከፍታውንና 5,150 ሜጋ ዋቱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። በንብርብር የተጠቀጠቀው ኮንክሪት ላይ የሚቀጥለው ንብርብር ዘግይቶ ሲመጣ መጋጠሚያው እንዴት ታከመ የሚለው ግን 20 ደቂቃ ሙሉ ጆሮ ያቆማል። ጥሩ ርዕስ አንድ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦

እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደንብ (ኢቢሲኤስ 8) በ100 ዓመት የመደጋገሚያ ጊዜ፣ ማለትም በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የተነደፈ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ደንብ በ475 ዓመት ሲፈተሽ የትኛው ዓምድ ቀድሞ ይጎድላል? በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ይህን ባለቤቱም ተከራዩም ይጠይቃል።

በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚሄደው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አጠገብ በተቀበረ የብረት ቱቦ ላይ ከሐዲዱ የሚያመልጠው ከረንት ምን ያደርጋል?

ጥቁር አፈር ላይ የቆመ የግቢ አጥር ለምን ከቤቱ ቀድሞ ይሰነጠቃል?

እንግዳው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በስልክ “እሺ” ማለቱ አይበቃም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለኃላፊው ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ለራሱ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ስጡት። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥሩን ያዙ፤ በአራተኛው ቀን ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቁ። የፕሮጀክት ፎቶና መረጃ የሚያሳይ ከሆነም የአሠሪውን ፈቃድ እንዲይዝ ንገሩት፤ ይህን ያልተነገረው እንግዳ ዋዜማው ላይ ፎቶውን ሁሉ አውጥቶ ባዶ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።

ለእንግዳው በጽሑፍ የሚላከው ይህ ነው፦ ንግግሩ 20 ደቂቃ መሆኑ፤ አድማጩ ማን እንደሆነ፤ ለምሳሌ ግማሹ ሲቪል፣ ቀሪው ኤሌክትሪክና መካኒካል፤ አንድ ችግር፣ አንድ መንስኤ፣ አንድ መፍትሔ እንጂ የድርጅት ታሪክ አለመፈለጉ፤ ስላይድ ከ12 አለመብለጡ፤ ፋይሉ እስከ ረቡዕ ምሽት መድረሱ፤ አዳራሹ የት እንደሆነና መኪና የት እንደሚቆም። በንግግሩ አማርኛውን ይናገር፣ የሙያውን ቃል በለመደው ይጥራ፤ ቃል ሲተረጉም ሐሳቡ የጠፋበት ተናጋሪ ብዙ ነው።

ስላይዱ ላይ ሦስት ነገር በተደጋጋሚ ይበላሻል። በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ይጻፍና በፒዲኤፍ ይቀመጥ። ከአውቶካድ በቀጥታ የተወሰደ ሥዕል መስመሩ ቀጥኖ ግድግዳው ላይ አይታይም፤ ሙሉውን ፕላን ትተው አንዱን ዝርዝር ቆርጠው መስመሩን ያወፍሩት። ሠንጠረዥ ከአምስት ረድፍ ካለፈ ማንም አያነብም፤ ታትሞ በየትሪው ቦታ ይቀመጥ።

እንግዳ ጠዋት “አስቸኳይ ስብሰባ” ተጠርቶ የሚቀርበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን ሁልጊዜ አንድ አባል የ15 ደቂቃ ንግግር በፍላሽ ይዞ ይጠባበቅ፤ ተጠባባቂነቱ በየሦስት ወሩ ይዙር። ያልተነገረለት ንግግር አይባክንም፤ ለቀጣዩ ዙር ይቆያል።

አዳራሽና መብራት

በክብ ጠረጴዛ ለሚቀመጥ ሰው 1.7 ካሬ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ለ40 ሰው ወደ 70 ካሬ። የኋለኛው ወንበር ከስክሪኑ ያለው ርቀት ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ አይብለጥ፤ 9 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ምስል ይፈልጋል። በእኩለ ቀን መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ከ3,500 ሉመን በታች የሆነ ፕሮጀክተር ይደበዝዛል። መሣሪያ ያዡ ቦርሳ ውስጥ የኤችዲኤምአይ ገመድ 10 ሜትር፣ የቪጂኤ ገመድ፣ ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ፣ ዲቫይደር፣ የማይክ ባትሪ፣ በሁለት ፍላሽ ላይ የእንግዳው ፋይል ይኑር።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ በግለቱ ይቀራል፤ መብራቱ በ20 ሰከንድ ቢመለስ እንኳ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ሊጠብቁት ይችላሉ፣ ዕድሜውም ያጥራል። 1,000 ቮልት-አምፔር የሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ መሣሪያ) 300 ዋት ለሚወስድ ፕሮጀክተር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይይዛል፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ይበቃል፣ ሲነሳ የሚመጣውን የቮልቴጅ መዋዠቅም ይቀንሳል። ዩፒኤሱ ላይ ፕሮጀክተሩ ብቻ ይሰካ፤ የቡና ማሞቂያ የሰካበት ሰው ንግግሩን አቋርጦታል። ድምፅ ማጉያው በራሱ ባትሪ የሚሠራ ይሁን። ጄኔሬተሩ የቆመበትን አቅጣጫ አይታችሁ ተናጋሪውን በተቃራኒው ወገን አቁሙት።

ጥያቄና መልስ

“ጥያቄ የለኝም፣ ትንሽ አስተያየት…” ብሎ የሚነሳ አባል በየክበቡ አለ፤ ማይኩን ከያዘ ስድስት ደቂቃ ሄደ። ስለዚህ ማይክ ከአስተባባሪው እጅ አይወጣም፤ ጠያቂው አፍ ላይ ይያዝለታል፣ ጥያቄው ሲያልቅ ይወሰዳል። ሰብሳቢው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለእንግዳው ያቀርባል፤ ያልተሰማውም ይሰማዋል፣ ረጅሙም ያጥራል።

ወጣቶቹ በታላላቆቻቸው ፊት ይሉኝታ ይዟቸው አይጠይቁም። በየትሪው ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀመጥ፤ 7፡20 ላይ ይሰብሰብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከወረቀቱ ይነበቡ፣ ያለ ስም። ብዙ ጊዜ የቀኑ ምርጥ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ነው።

ከንግግሩ በፊት ሰብሳቢው አንድ ደንብ ይናገር፦ የተቋራጭ፣ የአማካሪና የአሠሪ ስም አይጠራም፤ በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ላይ ያለ ጉዳይ አይነሳም። ይህ ካልተነገረ አንድ የኮንትራት ጭቅጭቅ ይነሳና እንግዳው ዳግመኛ አይመጣም፤ ሌሎች እንግዶችም ይሰሙታል።

ሥራውን ለአራት ክፈሉት፦ ሰብሳቢ፣ የእንግዳ ተጠሪ፣ የምሳና የሒሳብ ተጠሪ፣ የመሣሪያ ተጠሪ። በዚያው ቀን ማታ የእንግዳ ተጠሪው አንድ ገጽ ይጽፋል፤ ችግሩ፣ መንስኤው፣ የተሰጡት ቁጥሮች፣ ያልተመለሱ ጥያቄዎች። እንግዳው አይቶ ካረመው በኋላ ለአባላት ይላካል፤ ቁጥር ተሳስቶ ከወጣ ስሙ የሚነሳው የእሱ ነውና ሳያየው አይላክ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ የከፈለውን፣ የመጣውንና የተረፈውን ትሪ ይመዘግባል፤ ከሦስት ስብሰባ በኋላ ከሚከፍሉት ስንቱ እንደሚቀሩ ስለምታውቁ ትርፍ ትሪ አታዙም። ከአዳራሹ ስትወጡም የሚቀጥለውን ሐሙስ በሆቴሉ መዝገብ ላይ አስጽፉ፤ በቃል የተያዘ አዳራሽ ሠርግ ሲመጣበት ይሰጣል።